ወጪውን የሚችለው ማነው?

ፎቶ ኮፒ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የቆመ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ማሽን ወረቀት ሲነክስ አይጎተትም። ከባንኮኒው ማዶ ተማሪው «ፋዘር፣ ፈተና ሊገባብኝ ነው!» እያለ ይቁነጠነጣል። ከጎተትክ ወረቀቱ ይቀደድና ቁራጩ ሮለሩ ሥር ይቀራል፤ ከዚያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የማሽኑን ጎን ከፍተህ፣ እጀታዋን ዞር አድርገህ፣ በሁለት እጅህ ቀስ ብለህ ታወጣዋለህ። ደንበኞቼ «ጋሼ፣ ትዕግሥትህ!» ይሉኛል። ይሄ ትዕግሥት አይደለም፣ ሙያ ነው። ትዕግሥት ምን እንደሆነ ያስተማረኝ ኪሳራ ነው።

ከሱቄ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል በ1998 ዓ.ም. ባዶ ስትሆን ተከራይቼ ስምንት ኮምፒውተር ደረደርኩባት። እዚሁ አራት ኪሎ፣ በሩ ላይ «ኢንተርኔት ካፌ» የሚል ሰሌዳ ሰቀልኩ። ለጥቂት ዓመታት ደህና ሄደ። የዲቪ ሰሞን ወረፋው አስፋልቱ ድረስ ይደርሳል፤ የማትሪክ ውጤት የወጣ ዕለት ደግሞ አንዱ ልጅ ውጤቱን ሲያይ አምስት ዘመድ ከኋላው ቆሞ ወይ እልል ይላል ወይ ያለቅሳል። ከዚያ ሰው ኢንተርኔቱን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለባዶ ወንበር ኪራይ ከፈልኩ።

ምክር አልቸገረኝም። አንዱ ወዳጄ ቡና እየጠጣን «ሰፈሩ በሙሉ ቧንቧ አስገብቶ አንተ ባልዲ ትሸጣለህ?» አለኝ። ሌላው ኮምፒውተሮቹን ሳያረጁ ሽጣቸው አለ። ለሁሉም መልሴ አንድ ነበር፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በሳቁብኝ ቁጥር ትክክል የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ባመጣ፣ ፍጥነቱንም ባሻሽል ደንበኛው ይመለሳል ብዬ የባለቤቴን የሠርግ ሀብል ፒያሳ ወስጄ ሸጥኩ። እሺ ብላ ነው ከአንገቷ አውልቃ የሰጠችኝ። እንዴት ያለ እሺታ እንደነበር የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

ክፍሏን ያስረከብኩ ማታ ራት ላይ «መቼም ታግሻለሁ» አልኩ፤ ሰው ምንም ሲያጣ የሚይዘውን መያዜ ነው። ባለቤቴ እንጀራውን እየቆረሰች «አዎ፤ ታጋሹ አንተ፣ ከፋዩ እኛ» አለችኝ። ቂም አልነበረበትም። ሂሳብ እንደሚያነብ ሰው ነው ያለችው።

ከዚያ ማታ ጀምሮ አንድ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ቻለ። አቅም ያለውን ሰው «ይችላል» እንላለን። መከራውንና የሰውን ክፉ ቃል የተሸከመውንም «ቻለው» እንላለን፤ እንዲህ ያለው ሰው ቻይ ነው፣ ሆደ ሰፊ። ድግስ ላይ ደግሞ «የበሬውን ወጪ አጎቱ ቻለ» ይባላል። አቅሙም፣ ሸክሙም፣ ወጪውም በአንድ ቃል። ቋንቋችን ሦስቱን ለምን አንድ ላይ እንዳሰራቸው የሚነግረኝ ሊቅ አላገኘሁም። ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገኙ ግን ነገሩ ያምራል፤ ሲለያዩ፣ ማለትም አንዱ ይችላል ሌላው ይችለዋል ሲባል፣ እዚያ ላይ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። እኔ ቤት የተደበቀው ሀብል ነበር።

አሁን አሁን በቴክኖሎጂ ዓለም ትልልቅ አለቆች ስለ ትዕግሥት ሲናገሩ ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት አሻግረን ነው የምናየው፣ ሰው ቢስቅብንም ግድ የለንም ይላሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የትኛው «ቻለ» ነው?

ነገሩን ከማውቀው፣ ከራሴ ማሽን ልጀምር። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ስለ አባቴ መናገር አለብኝ።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር። የፍየል ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ በወስፌ አስምሮ፣ ከጥላሸት ባዘጋጀው ቀለም በመቃ ብርዕ ይጽፋል። ጥቁሩ ለጽሑፉ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስም። አንድ ዳዊት ከእጁ እስኪወጣ የክረምቱን ጭቃም የበጋውን ፀሐይም ያያል። የመሐል ጣቱ ብርዑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆርፍዶ፣ ክር የታሰረበት ይመስል ጎድጉዶ ነበር። የመጀመሪያውን ፎቶ ኮፒ ማሽን የገዛሁ ጊዜ ሊያየው መጣ። ራሱ የጻፈውን ዳዊት ከማኅደሩ አውጥቶ ሰጠኝና አንድ ገጽ ገለበጥኩለት። ብርሃኑ ከክዳኑ ሥር ብልጭ ሲል አማተበ። ወረቀቱን ገና ሙቀቱ ሳይለቀው አንሥቶ ብዙ ቆየበት። አንድ ቃል ዘሎ ኋላ ከመሥመሩ በላይ በደቃቅ ፊደል ያስገባበት ገጽ ነበር።

«ስሕተቱንም ገለበጠው?» አለኝ።

«አዎ አባዬ፣ እሱንም።»

«እንግዲያው ሳያይ ነው የሚጽፈው» ብሎ ሳቀ፤ ወረቀቱን ግን አጥፎ ይዞት ሄደ።

ይህን ማሽን ያመጣው ሰውም የተነሣው ከገልባጭ ሕመም ነው። ቼስተር ካርልሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1906 ሲያትል ከድሃ ቤት ተወለደ፤ አባቱ በሽተኛ ስለነበር ከልጅነቱ ጀምሮ እየሠራ ቤት ደግፏል። ፊዚክስ ተምሮ በ1930 ሲመረቅ ለ82 ኩባንያዎች ጻፈ፤ የቀጠረው አልነበረም። ኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች የፓተንት ክፍል ተቀጠረና ሰነድ ማባዛት ፍዳ ሆነበት። ወይ በእጅ መገልበጥ ነው፣ ወይ ፎቶግራፍ አንሺ ጋ ልኮ መጠበቅ። ዓይኑ ደካማ፣ መገጣጠሚያውን አርትራይተስ የያዘው ሰው ነው። ማታ ማታ ሕግ ይማራል፤ ከዚያ የተረፈውን ሰዓት ማዕድ ቤቱ ውስጥ ድኝ እያቀለጠ ያመሻል። ጠረኑ ጎረቤት ድረስ ይሄድ ነበር። የማዕድ ቤቷ ባለቤት ምን ትል እንደነበር ማሰብ አያቅተኝም።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938፣ በእኛ ጥቅምት 12 ቀን 1931፣ የሚካኤል ዕለት ነው። አገራችን በጣሊያን እጅ ናት፤ አባቴ ገና ብራና መፋቅ የሚማር ልጅ ነው። አስቶሪያ በሚባለው የኒው ዮርክ ሰፈር ካርልሰንና ረዳቱ አንዲት ክፍል አጨለሙ። ረዳቱ ኦቶ ኮርናይ ከኦስትሪያ ተሰዶ የመጣ መሐንዲስ ነው። ድኝ የተቀባ የዚንክ ሳህን በመሀረብ ፈተጉ፤ በኅዳር ደረቅ ማታ ሹራብ ስናወልቅ ጸጉራችን ላይ የሚንጣጣው ያ ነገር እንዲያድርበት። ቀኑንና የሰፈሩን ስም በቀለም የጻፉበትን መስታወት ሳህኑ ላይ አስተኝተው ለጥቂት ሰከንድ ደማቅ መብራት አበሩበት። መስታወቱን አነሡ፣ እንደ ዱቄት የላመ የዕፅ ብናኝ ነሰነሱበት፣ እፍ አሉት። ብርሃን ያገኘው ቦታ ላይ ያለው በነነ፤ ፊደሉ የጋረደው ቦታ ላይ ያለው ቀረ። ሰም በተቀባ ወረቀት ላይ ለጠፉት፤ ጽሑፉ ወጣ። የእኔ ማሽን ዛሬም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ድኙ በሌላ ነገር፣ መሀረቡ በሽቦ፣ ብናኙ በቶነር ተተካ እንጂ።

ከዚያ በኋላ ካርልሰን ከ20 በላይ ኩባንያዎችን በር አንኳኳ። አይቢኤም አለበት፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ አለበት፣ አርሲኤ አለበት። የካርቦን ወረቀት እያለ ማን ይፈልገዋል? ኮርናይ ሌላ ሥራ ይዞ ሄደ። በ1944 ኦሃዮ ያለው ባቴል የምርምር ተቋም እስኪቀበለው ድረስ ነገሩ የአንድ ሰው ሸክም ነበር። በ1945 ትዳሩ ፈረሰ።

ኮርናይ ላይ ትንሽ ልቆይ። የካርልሰን ታሪክ ሲተረክ ኮርናይ ያልታገሠው፣ በረከቱ ያመለጠው ሰው ሆኖ ብቅ ይልና ይጠፋል። ሰውየው ስደተኛ ነው። ደሞዝ ያስፈልገዋል። የሌላ ሰው ሕልም እስኪፈታ በባዶ ሆዱ እንዲቆይ የሚያስገድደው ምን ነበር? እኔ ቤት ቢሆን «አንተ ነህ የገባህ» እለዋለሁ። ካርልሰንም የገባው ይመስለኛል፤ ኋላ ሀብታም ሲሆን ማሽኑን ካመረተው ኩባንያ 100 አክሲዮን ሰጥቶታል። ታጋሽ የሆነ ሰው መታገሥ ላልቻለው የሚመልሰው ነገር እንዳለበት የሚያውቅ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አላየሁም።

ሮቸስተር ከተማ ሃሎይድ የሚባል አንድ አነስተኛ የፎቶግራፍ ወረቀት ኩባንያ ነበረ፤ በኮዳክ ጥላ ሥር የሚኖር። ጆሴፍ ዊልሰን ከአባቱ ተረክቦ ሲመራው ወረቀቱ ብቻውን እንደማያኖረው አይቷል። በ1947 ከባቴል ፈቃድ ወሰደ። የመጀመሪያው ማሽን በ1949 ወጣና ወደቀ። አንዱን ገጽ ለማውጣት ሳህኑን ከዚህ አንሥተህ እዚያ፣ ከዚያ አንሥተህ ወዲህ፤ የቢሮ ጸሐፊዎች አንገሸገሻቸው። እኔ ብሆን «ቀስ በቀስ እንቁላል…» ብዬ በዚያው እቀጥል ነበር።

ስለ እንቁላል ግን እናቴ ከተረቱ የበለጠ ታውቅ ነበር። ዶሮዋ በታቀፈች በሳምንቷ፣ ማታ ኩራዙን ለኩሳ ትመጣና እንቁላሎቹን ከሥሯ አንድ በአንድ ታወጣለች። እያንዳንዱን በጣቶቿ ቀለበት ይዛ ከመብራቱ ፊት ለፊት ታቆመዋለች። ውስጡ የደም ሥር የመሰለ ቀይ ክር የታየበት ይመለሳል። ፍንትው ብሎ ባዶ የሆነው ወይም የጠቆረው ይወጣል። ዶሮዋ ትቆጣለች፣ እጇን ትነክሳታለች። ለዶሮዋ ሁሉም አንድ ነው፤ የገማውንም ደህናውንም እኩል ታሞቃለች። ከዶሮዋ የበለጠ ታጋሽ ፍጥረት የለም፤ ግን ስለ ገማው እንቁላል የተረተ ሰው አላውቅም።

ዊልሰን ያደረገው የእናቴን ነው። ያ የወደቀ ማሽን ለቢሮ አልሆን ሲል፣ ለኦፍሴት ማተሚያ የሚሆን ማስተር ግን በርካሽና በፍጥነት እንደሚያወጣ ታየ። ቀዩ ክር ያ ነው። ገንዘቡ ከዚያ እየገባ፣ ጉድለቱ እየታየ፣ ሳህኑ ወደ ሚሽከረከር ድራም እየተለወጠ ሄደ። ከ1947 እስከ 1960 ኩባንያው ለዚህ ምርምር ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ በዚያው ዘመን ከመደበኛ ሥራው ካገኘው ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ጉድለቱን በብድርና በአዲስ አክሲዮን ሞላ። ከአለቆቹ ደሞዛቸውን በጥሬ ገንዘብ ፋንታ በአክሲዮን የወሰዱ፣ ቤታቸውን ያስያዙም ነበሩ። አይቢኤም አብረን እንሥራ ሲባል አማካሪ አስጠንቶ ይህ ነገር ቢሮ ውስጥ ገበያ የለውም ስላሉት ተወው።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1959 አዲሱ ማሽን ኒው ዮርክ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ለሕዝብ ሲታይ ሁለት ማሽን ቀርቦ አንዱ በእሳት ተያያዘ። ክብደቱ ወደ 300 ኪሎ ነው። ኋላም ወረቀት ያቃጥል ስለነበር ከእሳት ማጥፊያ ጋር ይላክ ነበር፤ ሻጮቹ ግን «እሳት» የሚለውን ቃል ሸሽተው ካውያ እንዳሳረረው ዓይነት ለዘብ ያለ ስም አወጡለት። የሻጭ ነገር የትም አንድ ነው። ማሽኑ ግን ዓለምን አጥለቀለቀ፤ ኩባንያውም በ1961 ዜሮክስ ተባለ።

እዚህ ላይ ደርሶ «አያችሁ፣ የታገሠ አገኘ» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ማሽኑ ባይሳካ ኖሮ የዊልሰን ትዕግሥት ሌላ ስም ይወጣለት ነበር፤ እልህ፣ ድርቅና፣ የአባቱን ቤት ያፈረሰ ልጅ። አንድ ዓይነት ሰው፣ አንድ ዓይነት ሥራ፣ ስሙን የሚሰጠው መጨረሻው ከሆነ ትዕግሥት በጎ ምግባር መሆኑ ቀርቶ ዕጣ ሆነ ማለት ነው። ዕጣ ደግሞ ንስሐ አይገባበትም፣ አይመሰገንበትምም። ይኸው ዜሮክስ ራሱ ኋላ በፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከሉ በ1973 አልቶ የሚባል፣ በመዳፊት የሚታዘዝ ኮምፒውተር ሠርቶ፣ ገበያውን ሌሎች ወሰዱት። ጎረቤቱ ኮዳክም በ1975 ዲጂታል ካሜራ በእጁ ይዞ በ2012 ኪሳራ አወጀ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ትዕግሥት ከአባት ወደ ልጅ አይወረስም።

ወደ ዘመናችን ስመጣ ማርክ ዙከርበርግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የኩባንያውን ስም ሜታ ብሎ ለወጠና ሰው መነጽር አጥልቆ የሚኖርበት ሌላ ዓለም እሠራለሁ አለ። ይህን የሚሠራው ክፍል በ2022 ብቻ 13.7 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። ዓለም ሳቀበት። በዚያ ዓለም ውስጥ ያሉት የሰው ምስሎች እግር አልነበራቸውም፤ ከወገባቸው በላይ ብቻ የሚንሳፈፉ ግማሽ ሰዎች። በኦክቶበር 2022 እግር ሊመጣ ነው ብሎ አበሰረ፤ ያሳየው የእግር እንቅስቃሴ በሌላ ዘዴ ከሰው የተቀዳ መሆኑ ኋላ ተሰማ። ልጄ ይህን ሲነግረኝ «እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እየጠበቁ ነው» አልኩትና ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። በዚያው ወር የኩባንያው አክሲዮን በአንድ ቀን ሩቡን ያህል ወረደ። በኖቬምበር ከ11,000 የሚበልጡ ሠራተኞች ተሰናበቱ። እውነቱን ለመናገር ዙከርበርግ ያኔ ለቅነሳው የሰጠው ምክንያት በኮሮና ጊዜ ከመጠን በላይ መስፋፋታቸውን ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው ብሏል።

ነገ ይሳካለት እንደሆነ እኔ ነቢይ አይደለሁም፤ ካሜራ ያላቸው የፀሐይ መነጽሮቹ ሰው ፊት ላይ መታየት ጀምረዋል ይባላል። የእኔ ጥያቄ ከመሳካቱ በፊት ያለው ነው። ዙከርበርግ ልዩ አክሲዮን ስላለው አብዛኛው ድምፅ በእጁ ነው፤ ባለአክሲዮን ሁሉ ቢጮህ የሚያወርደው የለም። ታዲያ እሱ ቻለ ሲባል የመጀመሪያውን ቻለ ነው፦ ይችላል። የሰው ሳቅ ለእሱ ድምፅ ብቻ ነው፣ ራት አያሳጣውም። ካርልሰን ግን በሁለተኛው ቻለ፤ ሥጋው፣ ዓይኑ፣ ሌሊቱ ከፈለ። ሁለቱንም በአንድ ቃል «ታጋሽ» ማለት አባቴን ከማሽኑ ጋር እኩል ጸሐፊ ማለት ይሆንብኛል። በእርግጥ ስሜን ከነዚህ ሰዎች ጋር መጥራቴ ያስቃል፤ ስምንት ኮምፒውተር ነው ያከሰርኩት። ሀብሉ ግን ለቤታችን ከቢሊዮን አያንስም።

ይህን ይዤ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ቅዳሴ ወጥቶ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ ትዕግሥትና እልህ በምን ይለያሉ?»

«ኖኅን አታስብም? መርከቡን ሲሠራ ስንት ዘመን ሲሳቅበት ኖረ!»

«አባ፣ የባቢሎንን ግንብ የሠሩትም እኮ ታጋሾች ነበሩ። ጡብ እየተኮሱ አንዱን ባንዱ ላይ…»

ፈገግ አሉ። «ኖኅ ነፍስ ሊያተርፍ፣ እነሱ ስማቸውን ሊያስጠሩ።»

«እሱን ከውጭ ማን ያያል አባ? አለቃ ሁሉ በልቡ ኖኅ ነው። ግንብ እየሠራሁ ነው ብሎ ግንብ የሚሠራ የለም።»

«እንግዲያው ኢዮብን ውሰድ» አሉኝ። «እሱ ደግሞ እንደምታስቡት ዝም አላለም። ተከራክሯል፣ አልቅሷል፣ የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ታጋሽ የሚባለው ከእነዚያ መካሪ ወዳጆቹ ጋር ተስማምቶ እውነቱን ስላልሸጠ ነው።»

ይህ ደስ አለኝ፤ ታጋሽ ሰው መጮህ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ግን ያመጣሁትን ጥያቄ አላስተወኝም። «አባ፣ ልጆቹስ? ሰባት ወንድና ሦስት ሴት ሞቱ። በመጨረሻ ሌላ አሥር ተሰጠው ይላል። የመጀመሪያዎቹ ግን አልተመለሱም። የአባታቸውን ትዕግሥት ወጪ የቻሉት እነሱ አይደሉም?»

መቁጠሪያቸውን ሁለት ሦስት ፍሬ አሳለፉ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «እኔም እዚያ ቦታ ስደርስ ቀስ ብዬ ነው የማነበው» አሉኝ።

ወደ ሱቅ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ለየሁ፤ ለእሳቸው ገና አልነገርኳቸውም። ኢዮብ ልጆቹን አላስያዘም። ተወሰዱበት። መከራ መጣበትና ቻለው። ነጋዴ ግን መከራው ሳይመጣበት ሄዶ የሚያመጣው ራሱ ነው፤ ያስያዘውም ነገር በሙሉ የራሱ አይደለም። የሠራተኛው ደሞዝ አለበት፣ የጡረተኛው ቁጠባ አለበት፣ የሚስት ሀብል አለበት። ስለዚህ የኢዮብን ስም ለመበደር መብት ያለው አይመስለኝም። መታገሥ ይችላል፤ ግን የእሱ ትዕግሥት ሌሎቹ «በቃን» ለማለት ነጻ እስከሆኑ ድረስ ነው። ኮርናይ ነጻ ነበር፤ ሄደ። የዊልሰን አለቆች አክሲዮኑን ሲወስዱ አውቀው ነው። ባለቤቴ ግን ያን ቀን «እሺ» ስትል ሌላ ምን ማለት ትችል ነበር? እኔ አልጠየቅኋትም። ነገርኳት እንጂ።

ስለ ተቺዎችም አንድ ነገር ልበል፤ እኔ ራሴ ተተችቼ ስላልሰማሁ። ተቺ ሁሉ ኩራዝ አይደለም፤ አንዳንዱ ጭስ ብቻ ነው፣ ዓይን ያስለቅሳል እንጂ አያሳይም። ያ የባልዲውና የቧንቧው ወዳጄ ግን ኩራዝ ነበር። እንቁላሌን ከመብራቱ ፊት ይዞልኝ ነበር፤ ባዶ መሆኑ ፍንትው ብሎ ይታይ ነበር፤ እኔ እንደ ዶሮዋ እጁን ነከስኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ለተነገረኝ ሁሉ ተረት መለስኩ እንጂ ሥራውን ራሱን አልለወጥኩም። ዊልሰን በየጊዜው ማሽኑን ይለውጥ ነበር። እኔ የምለውጠው ወዳጅ ነበር።

ካርልሰን በመጨረሻ እጅግ ሀብታም ሆነ። ከ150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሀብቱ 100 ሚሊዮን ያህሉን በሕይወቱ ሳለ ሰጥቶ ጨረሰ፤ አብዛኛውን ስሙ ሳይጠራ። ከሁለተኛ ሚስቱ ጋር ወደ ምሥራቅ ሃይማኖቶች አዘንብሎ ነበር፤ ደሃ ሆኜ ብሞት እወዳለሁ ይል እንደነበር ይነገራል። በ1968 ኒው ዮርክ ፊልም ቤት ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዐረፈ። ገንዘቡን ሲበትን ምን እያሰበ እንደነበር ማንም አይነግረኝም፤ እኔ ግን ወጪውን ለቻሉለት ሁሉ ሂሳብ እየዘጋ ይመስለኛል። ስማቸውን ስለማያውቅ ለማያውቃቸው ሰጠ።

ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሷል። ባለፈው የአያቱን ዳዊት ከመደርደሪያው አውርዶ «አባዬ፣ ኮምፒውተር የብራና ጽሑፍ እንዲያነብ ላስተምረው ነው» አለኝ። በየገዳሙ ያለውን መጽሐፍ ፎቶ አንሥቶ የሚፈለግ ጽሑፍ የሚያደርግ ነገር። ጠንካራ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ዋጋውን በወረቀት ጽፎ አምጥቷል፤ ከሱቄ ማሽኖች የሁለቱን ዋጋ ያህል ነው።

«ሦስት ዓመት ብቻ ታገሠኝ» አለ።

«ወጪውን የሚችለው ማነው?»

«አንተ ነሃ» አለና ሳቀ።

ባለው ላፕቶፕ ጀምር፣ ወር ሲሞላ አምጥተህ አሳየኝ አልኩት። ባለፈው ሐሙስ አመጣ። የመረጠው ገጽ ያን አባቴ ቃል የዘለለበትን ገጽ ነው። ከ94 ቃል 57ቱን ኮምፒውተሩ በትክክል አንብቦታል። የሳታቸውን ልጄ በቀይ አትሞ አመጣልኝ፤ አባቴ ቢያይ ይደነግጥ ነበር፣ በእሱ ቤት ቀይ ለቅዱሳን ስም ነው። ከመሥመሩ በላይ በደቃቁ የገባችውን ቃል ደግሞ ማሽኑ እንደ ዝንብ ኩስ ቆጥሮ አልፏታል። ልጄ ይህን ሲያሳየኝ አላፈረም፣ ለምን እንዳላያት በጣቱ እየጠቆመ አስረዳኝ።

ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቼ ብዙ አየሁት። «የሚቀጥለው ወር ደግሞ አምጣ» አልኩት። የኮምፒውተሩ ዋጋ የተጻፈባትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከትቻለሁ። እናቱን ገና አልጠየቅናትም።